ላፕቶፑ በርቶ ግድግዳው ባዶ ሲቀር
የላፕቶፕና የውጭ ስክሪን ግንኙነት ሲቋረጥ በቅደም ተከተል ስለ መፈለግና ስለ መፍታት

ባለፈው ዓመት፣ ከበዓለ ጥምቀት በኋላ በነበረው ሳምንት፣ ከደብረ ማርቆስ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ የገጠር ቀበሌ የምንጭ ማጎልበት ሥራን የሚመለከት ስብሰባ ተጠርቶ ነበር። ውኃው በቧንቧ ወርዶ የሚቀዳበት ቦኖ የት ይተከል የሚለው ገና አልተቆረጠም፤ ሁለት ቦታዎች ታጭተው ነበር። አንደኛው ለቤተ ክርስቲያኑና ለትምህርት ቤቱ ይቀርባል፤ ሁለተኛው ደግሞ ከወንዙ ማዶ ላሉት ጎጦች። ከማዶ የመጡት እናቶች ሃያ ያህል ሲሆኑ፣ አብዛኞቹ ከአንድ ሰዓት በላይ በእግራቸው ተጉዘው፣ ገሚሶቹም ልጅ አዝለው ነበር የደረሱት። የሁለቱን ቦታዎች ርቀትና የቧንቧውን መስመር የሚያሳየው ካርታ በላፕቶፔ ውስጥ ነበር። ሁሉም እኩል አይቶ እኩል እንዲናገር በማለት ፕሮጀክተር ይዘን ሄደናል።

ፕሮጀክተሩ በራ፤ በግድግዳው ላይ ግን ከሰማያዊ ቀለምና "ኖ ሲግናል" ከሚል ጽሑፍ በቀር ምንም አልታየም። ላፕቶፑን ሦስት ጊዜ አጥፍቼ አበራሁ። የማላውቃቸውን ማስተካከያዎች ሁሉ ከፈትሁ፣ ዘጋሁ። አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ አለፈ። የማዶ እናቶች በቤታቸው ከብት የሚመልስና ልጅ የሚያይ ሰው አልነበራቸውምና አንድ በአንድ እየተነሡ ሄዱ። የቀሩት በአብዛኛው የቅርብ ነዋሪዎች ነበሩ፤ ውሳኔውም እነርሱ እንደ ፈለጉት ሆነ። በማግሥቱ የማዶ ሽማግሌዎች ሳናይ ተወሰነብን ብለው መልእክት ላኩ። እውነት ነበራቸው።

ወደ ቢሮ ተመልሰን ስንመረምር ጥፋቱ በፕሮጀክተሩም በላፕቶፑም አልተገኘም። የላፕቶፑን ኤችዲኤምአይ ከፕሮጀክተሩ ቪጂኤ ጋር የምታገናኘው፣ ከአውራ ጣት ብዙም የማትበልጥ ኮንቨርተር ነበረች የሞተችው። ሌላ ኮንቨርተር በመኪናው ዕቃ መያዣ ውስጥ ተቀምጦ ነበር። እኔ ግን ጥፋቱ በሚገኝበት ቦታ አልፈለግሁም፤ ቀድሞ በዐይኔ በገባው ቦታ ፈለግሁ።

ይህን ጽሑፍ ለማዘጋጀት ያነሣሣኝ ይኸው ነው። ዛሬ የልማት ሥራችን ሥልጠና፣ ምክክርና ሪፖርት በአብዛኛው በላፕቶፕና በውጭ ስክሪን ላይ የተመሠረተ ሆኗል፤ በየወረዳው ግን ጥገና የሚያውቅ ባለሙያ አብሮን አይጓዝም። ከዚህ በታች የቀረበው ማብራሪያ ማንኛውም የመስክ ሠራተኛ ያለ ልዩ መሣሪያ ሊፈጽመው የሚችል ነው።

ሦስቱ ወገኖች፦ ላኪ፣ መንገድና ተቀባይ

ምስል ከላፕቶፕ ወጥቶ በግድግዳ ወይም በሞኒተር ላይ እስኪታይ ድረስ ሦስት ወገኖች ይሳተፋሉ። ላኪው ላፕቶፑ ነው፤ መንገዱ ገመዱና ኮንቨርተሩ ነው፤ ተቀባዩ ሞኒተሩ ወይም ፕሮጀክተሩ ነው። ማንኛውም ጥፋት ከእነዚህ ከሦስቱ በአንዱ ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ "ምን ላድርግ?" ሳይሆን "ጥፋቱ ከሦስቱ በየትኛው ወገን ነው?" የሚል መሆን አለበት።

ገመዱ እንደ ተሰካ ላፕቶፑ ወዲያውኑ ምስል አይልክም፤ አስቀድሞ ይጠይቃል። ተቀባዩ ማን እንደ ሆነና ምን ዓይነት የምስል መጠን ማሳየት እንደሚችል የሚገልጽ አጭር መረጃ በውስጡ ተጽፎ ይኖራል። መሠረታዊው ክፍል 128 ባይት ብቻ ሲሆን፣ ኢዲአይዲ ይባላል። ላፕቶፑ ይህን መረጃ በገመዱ ውስጥ ባሉ ቀጫጭን መስመሮች ያነበዋል፤ ካነበበ በኋላ ለተቀባዩ የሚስማማውን ምስል ይልካል። ነገሩ በቅዳሴ ላይ እንዳለው ተሰጥዎ ነው። ካህኑ ወይም ዲያቆኑ ድምፁን ሲያሰማ ሕዝቡ ተገቢውን ይመልሳል፤ ከዚያም የሚቀጥለው ይቀጥላል። መላሽ ከጠፋ ግን ሥርዓቱ ባለበት ይቆማል። ላፕቶፑም መልስ ካላገኘ ምንም ስክሪን እንዳልተሰካበት ይቆጥራል፤ ወይም ዝቅተኛ የምስል መጠን በግምት ይልካል። ምስሉን የሚሸከሙት መስመሮች ጤነኛ ሆነው መልስ የሚያመጡት መስመሮች ብቻ ቢበጠሱ እንኳ ችግሩ ይፈጠራል። "ገመዱ ደኅና ነው፤ ላፕቶፑ ግን አላወቀውም" የሚባለው ብዙውን ጊዜ ይህ ነው።

የመሰኪያዎችን ዓይነት መለየት

በቢሮዎቻችንና በአዳራሾች የምናገኛቸው መሰኪያዎች አራት ናቸው።

ቪጂኤ፦ እ.ኤ.አ. በ1987 ከአይቢኤም ኩባንያ ኮምፒዩተሮች ጋር የመጣ፣ ብዙውን ጊዜ ሰማያዊ ቀለም ያለው፣ በሦስት ረድፍ 15 ቀዳዳዎች ያሉት፣ በሁለት ጎኑ በብሎን የሚጠብቅ ነው። ምስል ብቻ እንጂ ድምፅ አያስተላልፍም። ብዙ የቪጂኤ ገመዶች በመካከለኛው ረድፍ ከአንደኛው ጫፍ ሁለተኛው መርፌ የላቸውም። ይህ 9ኛው መርፌ ሲሆን፣ ከፋብሪካው ሲወጣ ጀምሮ ሆን ተብሎ የተተወ ነውና ተሰብሯል ብላችሁ ገመዱን እንዳትጥሉ።

ኤችዲኤምአይ፦ መሥፈርቱ እ.ኤ.አ. በ2002 መጨረሻ የወጣ፣ 19 መስመሮች ያሉት፣ ምስልንም ድምፅንም በአንድነት የሚያስተላልፍ ነው። ሁለቱ የታች ማዕዘኖቹ ጠበብ ያሉ ናቸው።

ዲስፕሌይፖርት፦ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ፣ 20 መስመሮች ያሉት ነው። ከኤችዲኤምአይ ጋር ቢመሳሰልም አንደኛው ማዕዘኑ ብቻ የተቆረጠ በመሆኑ ይለያል። ሁለቱን አምታቶ በኃይል መግፋት መሰኪያውን ይሰብራል።

ዩኤስቢ ሲ፦ እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ፣ ትንሽና ሞላላ፣ በሁለቱም ፊት የሚገባ ነው። እዚህ ላይ ብዙዎች ይሳሳታሉ። ቅርጹ አንድ ቢሆንም ሁሉም የዩኤስቢ ሲ መሰኪያ ምስል አያወጣም፤ አንዳንዱ መረጃ ብቻ ያስተላልፋል፣ አንዳንዱ ኃይል መሙያ ብቻ ነው። ገመዱም እንዲሁ ነው፤ ለስልክ ኃይል መሙያ የተሠራ ገመድ ቅርጹ ቢስማማም ምስል ላይሸከም ይችላል። ከመሰኪያው አጠገብ የዲስፕሌይፖርት ወይም የመብረቅ ምልክት መኖሩን ማየት ይረዳል፤ እርግጠኛው መንገድ ግን የላፕቶፑን መመሪያ መመልከት ነው።

ስለ ኮንቨርተርም ሁለት ነገሮች መታወቅ አለባቸው። ቪጂኤ ምስሉን በሚለዋወጥ የኤሌክትሪክ መጠን ሲያስተላልፍ፣ ኤችዲኤምአይ ግን በቁጥር ቀይሮ ነው የሚልከው። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለችው ኮንቨርተር ገመድ ከገመድ የምትቀጥል ሳትሆን አስተርጓሚ ናት፤ በውስጧ የምትሠራበት ኃይል ትፈልጋለች። ይህንንም ከኤችዲኤምአይ መሰኪያው ከሚወጣው 5 ቮልት ታገኛለች። ያ ኃይል የማይበቃት ከሆነ ምስሉ ብልጭ ብሎ ይጠፋል። አንዳንዶቹ ለዚህ ሲባል ተጨማሪ ትንሽ የዩኤስቢ ገመድ አላቸው፤ እርሱን መሰካት መርሳት የተለመደ ስሕተት ነው። ሁለተኛው፣ አስተርጓሚዋ የምትተረጉመው በአንድ አቅጣጫ ብቻ መሆኑ ነው። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የምትቀይር ከቪጂኤ ወደ ኤችዲኤምአይ አትቀይርም። ስትገዙ አቅጣጫውን ጠይቁ፤ ከተቻለም እዚያው ሱቁ ውስጥ ሞክሩት።

ምስል ጨርሶ ሲጠፋ

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ቅደም ተከተል ከቀላሉ ወደ ከባዱ፣ ከውጭ ወደ ውስጥ ይሄዳል። ሁለት ሕጎች አሉት። አንድን ደረጃ ሳትጨርሱ ወደ ሌላው አትለፉ፤ በአንድ ጊዜም ከአንድ ነገር በላይ አትለውጡ። ገመድም ኮንቨርተርም በአንድነት ቀይራችሁ ምስሉ ቢመጣ የትኛው እንደ ነበር ጥፋተኛው አታውቁም፤ የተበላሸውም ዕቃ ተመልሶ ቦርሳ ውስጥ ይገባል።

አንደኛ፣ ተቀባዩ ምን እንደሚል አንብቡ። "ኖ ሲግናል" ካለ ተቀባዩ ደኅና በርቷል፤ ነገር ግን በመረጠው በር በኩል ምንም አልደረሰውም። "አውት ኦፍ ሬንጅ" ካለ ምስሉ ደርሶታል፤ ሆኖም ከአቅሙ በላይ ነው። መብራቱ ጨርሶ ካልበራ ጥያቄው የኤሌክትሪክ እንጂ የላፕቶፕ አይደለም። ሦስቱ ሦስት የተለያዩ ችግሮች ናቸው።

ሁለተኛ፣ በሩን አረጋግጡ። ሞኒተርም ሆነ ፕሮጀክተር ከአንድ በላይ መግቢያ አለው፤ ገመዱ የተሰካው በኤችዲኤምአይ ሆኖ መሣሪያው ቪጂኤን እየጠበቀ ሊሆን ይችላል። "ሶርስ" ወይም "ኢንፑት" የሚለውን ቁልፍ እየተጫናችሁ ገመዱ የገባበትን ስም ምረጡ። በአንዳንድ መሣሪያዎች ቪጂኤ የሚጠራው "ኮምፒዩተር" በሚል ስም ነው። በፕሮጀክተር ላይ የሌንሱ ክዳን መነሣቱንና ምስልን ለጊዜው የሚያጠፋው ቁልፍ አለመጫኑንም እዩ።

ሦስተኛ፣ መንገዱን መርምሩ። ገመዱን ከሁለቱም ጫፍ ነቅላችሁ ወደ ብርሃን አዙራችሁ ተመልከቱ። የቪጂኤ መርፌ የተጣመመ ከሆነ በቀጭን ነገር በዝግታ ማቃናት ይቻላል። የኤችዲኤምአይ ጫፍ ውስጥ አቧራ ወይም የተላጠ ብረት ካለ አጽዱ። ከዚያም እስከ መጨረሻው ድረስ መልሳችሁ ሰኩ፤ ቪጂኤ ከሆነ ብሎኖቹን አጥብቁ። ኮንቨርተር ካለ እርሱንም ነቅላችሁ ሰኩ። የገመዱ ርዝመትም ይታሰብ፤ ተራ የኤችዲኤምአይ ገመድ ከ10 ሜትር ሲያልፍ ምልክቱ መድከም ይጀምራል። በሰፊ አዳራሽ ገመድ ከማስረዘም ፕሮጀክተሩን ወደ ላፕቶፑ ማቅረብ ይሻላል።

አራተኛ፣ ላኪውን እዘዙ። በዊንዶውስ ላይ የመስኮት ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዛችሁ "ፒ" የሚለውን ፊደል ተጫኑ። አራት ምርጫዎች ይመጣሉ። "ፒሲ ስክሪን ኦንሊ" ምስሉን በላፕቶፑ ላይ ብቻ ያስቀረዋል፤ ይህ ከተመረጠ ሌላው ሁሉ ቢስተካከልም ግድግዳው ባዶ ይሆናል። "ዱፕሊኬት" አንዱን ምስል በሁለቱም ላይ ያሳያል። "ኤክስቴንድ" ውጫዊውን ስክሪን ተጨማሪ ገበታ ያደርገዋል። "ሰከንድ ስክሪን ኦንሊ" በውጫዊው ላይ ብቻ ያሳያል። በ"ኤክስቴንድ" ጊዜ ግድግዳው ላይ የሚታየው ባዶ የጀርባ ሥዕል ብቻ ስለሆነ ብዙዎች ተበላሽቷል ይላሉ። አልተበላሸም፤ ሰነዱን በመዳፊት ይዞ ወደ ጎን መጎተት ብቻ ያስፈልጋል።

አምስተኛ፣ ተሰጥዎውን ከመጀመሪያው አስጀምሩ። ሁለቱንም መሣሪያዎች አጥፉ፤ ከሶኬት ንቀሉ። ላፕቶፑ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጡና ማብሪያ ቁልፉን እስከ 30 ሰከንድ ድረስ ተጭናችሁ ያዙ፤ በውስጡ የቀረው ኃይል ይፈስሳል። ከዚያም ገመዱን ሰክታችሁ በቅድሚያ ተቀባዩን፣ ቀጥሎ ላፕቶፑን አብሩ። ላፕቶፑን ማጥፋት የማይቻል ከሆነ ደግሞ የመስኮቱን ቁልፍ፣ "ኮንትሮል"ን፣ "ሺፍት"ንና "ቢ"ን በአንድነት ተጫኑ፤ ስክሪኑ ለቅጽበት ጠፍቶ ይመለሳል። ይህ የምስል ክፍሉን ብቻ እንደ አዲስ ያስነሣል፤ የተከፈተ ሰነድ አይዘጋም።

ስድስተኛ፣ በመለዋወጥ ለዩ። ሌላ ላፕቶፕ በዚያው ገመድና በዚያው ፕሮጀክተር ላይ ከሠራ ጥፋቱ የላፕቶፑ ነው። ሌላውም ካልሠራ ገመዱን ብቻ ለውጡ፤ ቢሠራ ጥፋቱ የገመዱ ነው። አሁንም እንቢ ካለ ኮንቨርተሩን ለውጡ። ሁሉም ተለውጦ ካልሠራ የሚቀረው ተቀባዩ ነው። እኔ በዚያ ቀን ይህን አድርጌ ቢሆን ኖሮ ከአምስት ደቂቃ በላይ አይፈጅብኝም ነበር።

ሰባተኛ፣ ጥፋቱ የላፕቶፑ መሆኑ ከተለየ ድራይቨሩን እዩ። ድራይቨር ዊንዶውስ የላፕቶፑን የምስል ክፍል የሚያዝበት ፕሮግራም ነው። በአገራችን ላፕቶፕ ሲዘገይ ዊንዶውስን አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን የተለመደ ነው፤ ከተጫነ በኋላ ግን ድራይቨሩ ሳይጫን የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። "ዲቫይስ ማኔጀር" ከፍታችሁ "ዲስፕሌይ አዳፕተርስ" ከሚለው ሥር "ማይክሮሶፍት ቤዚክ ዲስፕሌይ አዳፕተር" የሚል ስም ካገኛችሁ ትክክለኛው ድራይቨር የለም ማለት ነው። በዚህ ጊዜ የላፕቶፑ ስክሪን ሲሠራ ውጫዊው አለመሥራቱ አያስደንቅም። መፍትሔው ከላፕቶፑ አምራች ድረ ገጽ በሞዴሉ ስም የተዘጋጀውን ድራይቨር ማውረድ ነው። ኢንተርኔት ባለበት ቢሮ አውርዶ በፍላሽ መያዝ የሜዳውን ጭንቀት ያስቀራል።

ምስሉ መጥቶ ጎደሎ ሲሆን

ምስሉ ቢጫ፣ ሐምራዊ ወይም ውኃ ሰማያዊ መስሎ ከታየ እና ገመዱ ቪጂኤ ከሆነ፣ ምክንያቱ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንድ መስመር መበጠሱ ነው። በቪጂኤ ገመድ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ቀለሞች እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መስመር ይጓዛሉ። ሰማያዊው ሲቋረጥ ነጩ ወደ ቢጫ፣ አረንጓዴው ሲቋረጥ ወደ ሐምራዊ፣ ቀዩ ሲቋረጥ ወደ ውኃ ሰማያዊ ይለወጣል። ፕሮጀክተሩን ለጥገና ከመላክ በፊት ገመዱን ለውጡ።

"አውት ኦፍ ሬንጅ" የሚል ጽሑፍ ከመጣ ወይም ፊደላቱ ከደበዘዙ የምስሉ መጠን ከተቀባዩ ጋር አልተስማማም። የቆዩ ፕሮጀክተሮች የራሳቸው መጠን 800 በ600 ወይም 1024 በ768 ነጥብ ሲሆን፣ ብዙ ላፕቶፖች ግን 1366 በ768 ወይም 1920 በ1080 ናቸው። "ሴቲንግስ" ውስጥ "ሲስተም"፣ ቀጥሎም "ዲስፕሌይ" ገብታችሁ ውጫዊውን ስክሪን ከመረጣችሁ በኋላ "ሪዞሉሽን" የሚለውን ከተቀባዩ ጋር አስማሙ፤ የዕድሳት ፍጥነቱንም 60 ኸርትዝ አድርጉ። ምስሉ ደኅና ሆኖ ድምፅ ከጠፋ ደግሞ ላፕቶፑ ድምፁን በኤችዲኤምአይ በኩል ድምፅ ማጉያ ወደሌለው ስክሪን እየላከው ሊሆን ይችላልና ከሰዓቱ አጠገብ ያለውን የድምፅ ምልክት ተጭናችሁ መውጫውን ለውጡ።

የውጭ ስክሪን ለምርመራም ያገለግላል። የላፕቶፕ ስክሪን ሲጨልም ወይም ሲሰነጠቅ ማሽኑ ሞቷል ብሎ ከመፍረድ በፊት ሞኒተር ሰኩበት። ሞኒተሩ ላይ ጥርት ያለ ምስል ከመጣ የተበላሸው ስክሪኑ ወይም ወደ እርሱ የሚሄደው ቀጭን ገመድ ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ላፕቶፕ ከሞኒተር ጋር በቢሮ ተቀምጦ የሂሳብ ሥራን ለዓመታት ሊያገለግል ይችላል። በሁለቱም ላይ ያው የተበላሸ ምስል ከመጣ ግን ጥፋቱ በውስጡ ባለው የምስል ክፍል ነው፤ ይህ ለባለሙያ ይሰጥ።

አንድ ማሳሰቢያም እጨምራለሁ። በ"ዱፕሊኬት" ጊዜ በላፕቶፑ ላይ ያለው ሁሉ ለጉባኤው ይታያል። የተረጂዎች ስም ዝርዝር፣ የቤተሰባቸው ሁኔታና የጤና መረጃ ያለበት ፋይል በስሕተት ተከፍቶ በጎረቤቶቻቸው ፊት በግድግዳ ላይ ቢወጣ፣ ረዳን ያልናቸውን ሰዎች አሳፈርናቸው ማለት ነው። እንዲህ ያሉ ፋይሎችን አስቀድማችሁ ዝጉ፤ ልምዱ ያላችሁም "ኤክስቴንድ"ን ተጠቀሙ።

ስለ ኤሌክትሪክና ስለ ደጋው አየር

የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት ነው ቢባልም በገጠር መስመሮች ከፍና ዝቅ ይላል፤ ይቋረጣልም። ብዙ ፕሮጀክተሮች በከፍተኛ ሙቀት በሚበራ አምፖል የሚሠሩ ስለሆኑ ሲጠፉ ማራገቢያቸው ለጥቂት ጊዜ መዞር አለበት። መብራት በድንገት ሲሄድ አምፖሉ ሳይቀዘቅዝ ይቀራል። መብራቱ ወዲያው ቢመለስም ለማብራት አትቸኩሉ፤ ጥቂት ደቂቃ ታገሡ። ትንሽ ዩፒኤስ ካለ ዓላማው ስብሰባውን ማስቀጠል ሳይሆን ፕሮጀክተሩን በሥርዓት ለማጥፋት የሚበቃ ጊዜ ማግኘት ነው። በጀነሬተር ስትሠሩ ጀነሬተሩ ተነሥቶ ከተረጋጋ በኋላ መሣሪያዎቹን ሰኩ፤ ጀነሬተሩን ከማጥፋት በፊትም መሣሪያዎቹን አጥፉ። የመሬት መስመር በሌለበት ቤት የምስል ገመዱን በቅድሚያ፣ የኤሌክትሪክ ገመዶቹን ከዚያ በኋላ መሰካት የኤችዲኤምአይ መሰኪያ እንዳይቃጠል ይረዳል።

ደጋማነታችንም የራሱ ጣጣ አለው። "አገሩ ብርድ ነውና ፕሮጀክተር አይሞቅም" የሚል አስተሳሰብ በመካከላችን አለ። እውነቱ ሌላ ነው። ማሽኑን የሚያቀዘቅዘው የአየሩ ብርድ ብቻ ሳይሆን የአየሩ ብዛት ጭምር ነው። ደብረ ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ከፍ ብላ የምትገኝ በመሆኗ፣ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ጫፉ ከ4,000 ሜትር በሚያልፈው በጮቄ ተራራ ዙሪያ ያሉት አጥቢያዎች ደግሞ ከዚህም የሳሳ አየር አላቸው። የሳሳ አየር ሙቀትን ተሸክሞ የማውጣት አቅሙ ያንሳል። ስለዚህ ፕሮጀክተሩ ግማሽ ሰዓት ሠርቶ የሙቀት ምልክት መብራቱን አብርቶ ቢጠፋ፣ ምስሉም ቢጠፋ፣ ገመድ መነካካት ዋጋ የለውም። በብዙ አምራቾች መመሪያ ከ1,500 ሜትር በላይ ለሆነ ቦታ "ሃይ አልቲቱድ ሞድ" የሚባል ማስተካከያ እንዲበራ ታዟል፤ ማራገቢያው በፍጥነት እንዲዞር ያደርጋል። ድምፁ ከፍ ይላል፤ ይህ ጤንነት እንጂ ሕመም አይደለም። እኛ ያለንበት ደጋማ አካባቢ ሁሉ ማለት ይቻላል ከዚህ ከፍታ በላይ ስለሆነ ማስተካከያው ሁልጊዜ በርቶ ይኑር። መመሪያው የሚፈቅደውን የመጨረሻ ከፍታም አንብቡ፤ ብዙዎቹ 3,000 ሜትር አካባቢ ላይ ያቆማሉ። የአየር ማጣሪያውም በየጊዜው ይጽዳ። በበጋ የመንገድ አቧራ፣ በአዳራሾቻችን ደግሞ የዕጣንና የማገዶ ጢስ በማጣሪያው ላይ እየተጋገረ መተንፈሻውን ይዘጋል።

ከመነሣት በፊት

ዕቃውን ከቢሮ ከማውጣታችሁ በፊት፣ በዋዜማው፣ እርሱኑ ላፕቶፕ በእርሱኑ ገመድና በእርሱኑ ፕሮጀክተር አገናኝታችሁ ለአሥር ደቂቃ አሠሩት። "ባለፈው ይሠራ ነበር" ማለት ምርመራ አይደለም። በቦርሳው ውስጥ አንድ ትርፍ የኤችዲኤምአይ ገመድ፣ አንድ የቪጂኤ ገመድ፣ ሁለት ኮንቨርተሮች፣ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ፣ እንዲሁም ሰነዱና ድራይቨሩ የተቀመጡበት ፍላሽ ይኑር። የተበላሸ ገመድ ሲገኝ ጫፉ ላይ ቋጠሮ አስሩበትና ለብቻው አስቀምጡት፤ ካልሆነ ተመልሶ ከጤነኞቹ ጋር ይቀላቀላል። ሰብሳቢው ሰው ከመሰብሰቡ ግማሽ ሰዓት አስቀድሞ ይድረስ።

ከሁሉ በላይ ግን የጊዜ ገደብ አስቀድማችሁ ወስኑ። እኛ አሁን የምንሠራበት ገደብ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ምስል ካልመጣ ማሽኑ ይዘጋል፤ ስብሰባው በሌላ መንገድ ይቀጥላል። ለዚህም የካርታው ወይም የሠንጠረዡ ትልቅ የወረቀት ቅጂ አብሮ ይሄዳል።

የዚያ ቀበሌ ስብሰባ ከሁለት ሳምንት በኋላ እንደገና ተጠራ። የማዶ እናቶች መጡ፤ ይቅርታ ጠየቅናቸው። ፕሮጀክተሩ በአዲሱ ኮንቨርተር ሠራ፤ ሆኖም ከአዳራሹ ውጭ በሜዳው ላይ በአመድና በድንጋይ ሌላ ካርታ እንዲሠሩ ጠየቅናቸው። ወንዙን በአመድ አሰመሩ፤ ቤቶቹን በጠጠር አስቀመጡ። ከዚያም አንዲት እናት በግድግዳው ላይ ያየችውን መስመር ከመሬቱ ጋር አስተያይታ፣ የእኛ ካርታ መሻገሪያ ብሎ ያሳየው ቦታ በክረምት ውኃ የሚሞላው መሆኑን አመለከተች። በቅርብ ነዋሪዎችና በማዶዎቹ ስምምነት ቦኖው ከሁለቱም ከታጩት ቦታዎች ውጭ በሦስተኛ ቦታ እንዲተከል ተወሰነ። በመጀመሪያው ቀን ማንም ያላየው ስሕተት የተገኘው ሁሉም በአንድነት ማየት ሲችል ነው። የገመዱና የፕሮጀክተሩ ጥቅምም ይኸው ነው፤ ሰው ሳይጠብቅ ደክሞ እንዳይሄድ፣ አይቶም የራሱን እንዲናገር። ስለዚህ የሚቀጥለው ጉዞ ዋዜማ ላይ አሥር ደቂቃ ሰጥታችሁ ገመዱን እንድትሞክሩት በትሕትና እጠይቃለሁ።